ኦብጀክት ዳታቤዝ ለፕሮጀክትዎ ሲመርጡ፦ ከመግቢያው በፊት መውጫውን ይዩ

ጋብቻ ሲታሰብ በብዙ የአገራችን አካባቢዎች አስቀድሞ ዘር ይቆጠራል፤ ወጣቶቹ በአባትም ሆነ በእናት በኩል እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገናኙበት ሰው እንደሌለ ካልተረጋገጠ ነገሩ ወደፊት አይራመድም። ይህን ቆጠራ የሚሠራ፣ የአንድ ሰፊ ቤተሰብን የዘር ሐረግ የሚይዝ ሶፍትዌር ሊጽፉ ነው እንበል። በኮዱ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው አንድ ኦብጀክት ነው፤ ኦብጀክቱ ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑን፣ አባቱን፣ እናቱንና ልጆቹን ይይዛል። አባቱን ይይዛል ስንል የአባቱን ኦብጀክት ራሱን ማለታችን ነው፤ ከእርሱ ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት ምንም መለያ ቁጥር ሳይፈለግ በቀጥታ መሻገር ይቻላል።

ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ይህ ሁሉ እንዳለ እንዲገኝ ማድረግ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በተለመደው አሠራር መረጃው በሰንጠረዦች ይበተናል፤ ሰው በአንዱ ሰንጠረዥ፣ ዝምድና በሌላው ይቀመጥና በተፈለገ ቁጥር ረድፎቹ ተለቅመው እንደገና ኦብጀክት ይሆናሉ። ይህን የመበተንና የመልቀም ሥራ የሚያቃልሉ እንደ ሃይበርኔት ያሉ መሣሪያዎች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰፊው ተለምደዋል፤ ድካሙን ይቀንሱታል እንጂ አያስቀሩትም። ኦብጀክት ዳታቤዝ በበኩሉ ኦብጀክቱን ከነትስስሩ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በተጠራ ጊዜ እንዳለ ይመልሰዋል። ሐሳቡ ይማርካል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራም እውነትም ደስ ይላል። የሚያስቸግረው ክላሱ (ኦብጀክቶቹ የሚሠሩበት የኮድ ንድፍ) የተለወጠ፣ ምርቱ የተቋረጠ ወይም ሌላ ፕሮግራም ያንኑ መረጃ የፈለገ ዕለት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ያንን ዕለት አስቀድሞ ለማየት የታሰበ ነው።

አንድ የስም መምታታት እዚህ ላይ ማጥራት ይገባል። እንደ አማዞን ኤስ3 ያለው ኦብጀክት ስቶሬጅ ፎቶ፣ ቪዲዮና ሌላ ፋይል የሚቀመጥበት መጋዘን ነው፤ የኮድዎን ኦብጀክቶች አያውቃቸውም። እንደ ሞንጎዲቢ ያለው ዶክመንት ዳታቤዝም የተለየ ነው፤ እርሱ የሚያስቀምጠው ጄሰን (መረጃ በተራ ጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ) መሰል ዶክመንት ስለሆነ በአንድ ዶክመንትና በሌላው መካከል ያለውን ዝምድና እንደገና በመለያ ቁጥር መያዝ ይጠበቅብዎታል።

መሻገር ወይስ መጠየቅ?

በመጀመሪያ የሚወሰነው የትኛው ምርት ይሻላል የሚለው አይደለም፤ መረጃው በምን ዓይነት መንገድ ይነበባል የሚለው ነው። በምሳሌያችን ወላጆችን አንደኛ ቤት ብለን ብንጀምር አንድ ሰው በሰባተኛው ቤት 128 ቅድመ አያቶች ይኖሩታል፤ ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ሲደመሩ 254፣ ለሁለቱ ወጣቶች ደግሞ 508 ይሆናሉ። በሰንጠረዥ አሠራር ያልተጠነቀቀ ፕሮግራመር ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ዳታቤዙን ቢጠይቅ ለአንድ የጋብቻ ጥያቄ 508 ጊዜ ይመላለሳል። በኦብጀክት ዳታቤዝ ግን ሥራው ከኦብጀክት ወደ ኦብጀክት መሻገር ብቻ ነው፤ ኦብጀክቶቹ ቀድመው ሜሞሪ ውስጥ ካሉ ደግሞ ዲስክ እንኳ አይነካም። በፍትሕ ለመናገር የሰንጠረዥ ዳታቤዞች የመጠይቅ ቋንቋ የሆነው ኤስኪውኤልም ከ1999 እ.ኤ.አ. ደረጃው ጀምሮ ራሱን እየደጋገመ የሚሄድ መጠይቅ ስላለው ይኸው ቆጠራ በአንድ ጥያቄ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ «ኦብጀክት ዳታቤዝ ፈጣን ነው» የሚለውን አባባል ልምድ ያለው ሰው በጽሑፍ ካቀረበው ንድፍ ጋር እንጂ በችኮላ ከተጻፈ ኮድ ጋር አያወዳድሩት።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ እንጠይቅ። ከ1950 እስከ 1960 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተወለዱና ከሦስት በላይ ልጆች ያሏቸው ሴቶች በየቀበሌው ስንት ናቸው? ይህ በሰንጠረዥ ዳታቤዝ የጥቂት መስመር ጉዳይ ነው። በኦብጀክት ዳታቤዝ ግን ለዚሁ ብለው ያዘጋጁት ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ከሌለ ሁሉንም ሰው አንድ በአንድ ከዲስክ አንሥቶ ማየት ሊያስፈልግ ነው። አንዳንዶቹ ምርቶች የራሳቸው የመጠይቅ ቋንቋ አላቸው፣ አንዳንዶቹ ጨርሶ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ እንደ ኤስኪውኤል ማንም የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የሪፖርት መሣሪያ የሚረዳው አይደለም።

ወረቀት ያንሡና ፕሮግራሙ ደጋግሞ የሚሠራቸውን አሥር ነገሮች ይጻፉ፤ በእያንዳንዱ ትይዩ «መሻገር» ወይም «መጠየቅ» ብለው ምልክት ያድርጉ። ከአሥሩ ሁለት ወይም ሦስቱ ጥያቄ ቢሆኑ በእጅ በሚሠራ ኢንዴክስ መወጣት ይቻላል። ግማሽ ያህሉ ጥያቄ ከሆኑ ግን እንደ እኔ ፖስትግሬስን የመሰለ የሰንጠረዥ ዳታቤዝ ይዞ መቀጠል ይሻላል፣ የዚህ ጽሑፍ ቀሪ ክፍልም አያስፈልግዎትም። መረጃው በሌላ ቋንቋ በተጻፈ ሌላ ፕሮግራም ጭምር የሚነበብ ከሆነም መልሱ ያው ነው። ኦብጀክት ዳታቤዝ በደንብ የሚሆነው ዝምድናው ብዙና የተወሳሰበ፣ ባለቤቱም አንድ ፕሮግራም ለሆነ መረጃ ነው፤ የምሕንድስና ንድፍ፣ የኔትወርክ ካርታ፣ የድረ ገጽ ይዘት ማስተዳደሪያ፣ ስልክ ላይ ያለ የአፕሊኬሽን መረጃ የመሳሰሉት ናቸው።

የምርቱ ዕድሜና የፕሮጀክቱ ዕድሜ

የዚህ ዘርፍ ታሪክ ለመራጩ ከማስታወቂያው ይልቅ ይጠቅመዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. ስድስት ተመራማሪዎች አንድ ሥርዓት ኦብጀክት ዳታቤዝ ለመባል የግድ ሊያሟላቸው የሚገቡ 13 ነገሮችን ዘርዝረው አወጡ። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሻጮቹ ኦዲኤምጂ በሚል ስም ተሰባስበው የጋራ ደረጃ፣ ኦኪውኤል የተባለ የመጠይቅ ቋንቋም ጭምር ማዘጋጀት ጀመሩ። ሦስተኛው ዕትም በ2000 እ.ኤ.አ. ወጣና ቡድኑ በዓመቱ ተበተነ። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ምርቶች አንዱ ለሌላው በማይሆን መንገድ የሚሠሩት በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው፤ በሰንጠረዥ ዓለም ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው መሻገር አድካሚ ቢሆንም ይቻላል፣ እዚህ ግን መሻገር ማለት አብዛኛውን ጊዜ እንደገና መጻፍ ማለት ነው።

የትልልቆቹ ተቋማት ልምድም ይህንኑ ያሳያል። በጄኔቫ የሚገኘው የሰርን የፊዚክስ ማዕከል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የሙከራ መረጃውን በኦብጀክቲቪቲ ዳታቤዝ መያዝ ጀምሮ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቅጣጫ ሲለውጥ ወደ 300 ቴራባይት ገደማ መረጃ ወደ ኦራክልና ወደ ፋይሎች ማዛወር ግድ ሆነ። በካሊፎርኒያ ስላክ በተባለው የፊዚክስ ማዕከል ይካሄድ የነበረው የባባር ሙከራም እንዲሁ ከኦብጀክቲቪቲ ጀምሮ የሙከራ ክስተቶቹን መረጃ በኋላ ሩት ወደተባለው የፋይል ሥርዓት አዛውሯል። ሁለቱም የተሳካላቸው ሥራውን የሚችሉ ባለሙያዎች ስለነበሯቸው ነው፤ ሦስት ፕሮግራመር ያለው ቢሮ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

በትንሹ ዓለምም ተመሳሳይ ነው። ዲቢ4ኦ በጃቫና በዶትኔት ጸሐፊዎች ዘንድ የተወደደ ትንሽ ኦብጀክት ዳታቤዝ ነበር፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ቨርሳንት ገዛው፣ ቨርሳንትን ደግሞ አክቲያን ገዛው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ገደማም ዲቢ4ኦን መደገፉ ቀረ። የሞባይል ጸሐፊዎች የለመዱትን ሬልምን ሞንጎዲቢ በ2019 እ.ኤ.አ. ገዝቶ፣ ስልክን ከሰርቨር ጋር የሚያመሳስለውን አገልግሎት በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. እንደሚያቆም አሳውቆ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ዘግቶታል። የሬልም ኮድ ክፍት ነው፤ ይሁን እንጂ የማመሳሰሉን ሥራ ተማምነው የሠሩ ሁሉ አንድ ዓመት ውስጥ ሌላ መፈለግ ነበረባቸው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው። ፕሮጀክትዎ አሥር ዓመት እንዲኖር ከታሰበ የሚመርጡት ምርት ኮዱ ክፍት የሆነ ወይም ቢያንስ የፋይሉ አቀማመጥ በሰነድ የተገለጸ ይሁን፤ ከአንድ ኩባንያ የንግድ ውሳኔ በላይ የሚያኖረው የተጠቃሚ ማኅበረሰብ መኖሩንም ያረጋግጡ።

በሚጽፉበት ቋንቋ ምን አለ?

በሰንጠረዥ ዳታቤዝ ቋንቋና ዳታቤዝ ለየብቻ ይመረጣሉ፤ እዚህ ግን ቋንቋው ምርጫውን ግማሽ በግማሽ ይወስነዋል። በፓይተን የሚጽፍ ሰው ዋና አማራጩ ዜድኦዲቢ ነው፤ ዞፕ ከተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ጋር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ የፕሎን የድረ ገጽ ሥርዓት ዛሬም የቆመበት ነው። በጃቫ ኦብጀክትዲቢ አለ፤ ጄፒኤ የተባለውን የጃቫ ደረጃ ስለሚከተል መውጫው ከሌሎቹ የሰፋ ነው፣ ምክንያቱም ያው ኮድ ትንሽ ተስተካክሎ በሃይበርኔት በኩል ከሰንጠረዥ ዳታቤዝ ጋር ሊሠራ ይችላል። ነፃው ዕትም ግን በአንድ ፋይል ከ10 የክላስ ዓይነትና ከ1 ሚሊዮን ኦብጀክት በላይ አይፈቅድም፤ ለትምህርት ይበቃል፣ ለከባድ ሥራ ይከፈልበታል።

ሌላው የጃቫ አማራጭ ቀድሞ ማይክሮስትሪም ይባል የነበረውና ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢክሊፕስ ፋውንዴሽን ሥር የወጣው ኢክሊፕስስቶር ነው። አካሄዱ ለየት ይላል፤ የራሱ የመጠይቅ ቋንቋ የለውም፣ ኦብጀክቶቹ ሜሞሪ ውስጥ ናቸው፣ ፍለጋው በራሱ በጃቫ ይጻፋል፣ የመረጃው ባለቤትም አንድ የጃቫ ሂደት ብቻ ነው። መረጃው ሜሞሪ የሚበቃው መጠን ከሆነና አንድ ሰርቨር ካለዎት ፍጥነቱ ያስደንቃል፤ ነገ ሁለተኛ ሰርቨር አጠገቡ ላቁም ቢሉ ግን ሌላ ጉዳይ ይጀመራል። ለስልክና ለትንንሽ መሣሪያዎች ኦብጀክትቦክስ አለ፤ የየቋንቋው ማገናኛ ኮድ ክፍት ሲሆን ዋናው ሞተሩ ግን ክፍት አለመሆኑን ፈቃዱን ሲያነቡ ያገኙታል። በስሞልቶክ ለሚጽፉ ጄምስቶን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ በትልልቅ ሆስፒታሎች ሥርዓት ደግሞ ኦብጀክትንና ሰንጠረዥን በአንድ ላይ የሚያሳየው ኢንተርሲስተምስ አይሪስ ይገኛል። የኋለኞቹ ሁለቱ በዋጋቸውም በሚጠይቁት ባለሙያም የትልቅ ድርጅት ናቸው።

ሰነዱ በትንሽ ፊደል የሚጽፈው

ምርቱን በስም ከለዩ በኋላ ሰነዱን ሲያነቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት አንድ ኦብጀክት ሲነሣ ከእርሱ ጋር የተሳሰሩት እንዴት እንደሚነሡ ነው። አንድ ሰው ሲጠራ ወገኑ ሁሉ ተከትሎ ወደ ሜሞሪ ቢመጣ ማሽኑ አይችለውም፤ ስለዚህ ሁሉም ምርት አንድ ቦታ ላይ ያቆማል። ዜድኦዲቢ የተሳሰሩትን ኦብጀክቶች ባዶ ጥላ አድርጎ ያመጣቸዋል፤ የአባትየውን ስም ሲጠይቁ ያን ጊዜ ጥላው ከዲስክ ይሞላል፣ እርስዎም አያውቁትም። ዲቢ4ኦ ግን በራሱ ልማድ እስከ አምስት ደረጃ ብቻ ሞልቶ ከዚያ በኋላ ያሉትን ባዶ ይተዋቸው ነበር። ለኛ ፕሮግራም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት፤ ቆጠራው ሰባተኛ ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ባዶ ያገኛል፣ ስሕተት የሚል መልእክት አይወጣም፣ ፕሮግራሙም «ዝምድና የለም» ብሎ ጋብቻውን ያጸድቃል። ቅንብሩን መለወጥ ቀላል ነበር፤ ቅንብር መኖሩን ማወቁ ነው ከባዱ።

ሁለተኛው ጉዳይ ለውጥ እንዴት እንደሚታወቅ ነው፤ ይህኛው እኔንም ሁለት ቀን አስጨርሶኛል። በዜድኦዲቢ አንድ ኦብጀክት ተለወጠ የሚባለው ከባሕርያቱ አንዱ በአዲስ ሲተካ ነው። የሰውየው ልጆች በተራ የፓይተን ሊስት ተይዘው ከሆነና ሊስቱ ውስጥ አንድ ልጅ ቢጨመር ሊስቱ ራሱ አልተተካምና ዳታቤዙ ምንም አላየም። ኮሚት (ለውጡን አጽድቅ) ይባላል፣ ስሕተት አይመጣም፣ ገጹ ሲከፈት ልጁ ስሙ ይታያል፤ ኦብጀክቱ ገና ሜሞሪ ውስጥ ነውና። ሌሊት ሰርቨሩ ተዘግቶ ሲነሣ ልጁ የለም። ይባስ ብሎ በዚያው ትራንዛክሽን የሰውየው አድራሻ አብሮ ተለውጦ ከሆነ መላው ኦብጀክት ስለሚጻፍ ልጁም አብሮ ይተርፋል፤ በዚህ የተነሣ አንዳንዱ ልጅ ይጠፋል፣ አንዳንዱ አይጠፋም፣ ፕሮግራመሩም የማይደጋገም ስሕተት ሲያሳድድ ይውላል። መድኃኒቱ ዳታቤዙ ራሱ የሚያቀርበውን የሚከታተል ሊስት መጠቀም ወይም «ተለውጧል» የሚለውን ምልክት በእጅ ማንሣት ነው። ሌላ ምርት ቢመርጡም ተመጣጣኙን ጥያቄ ይጠይቁ፤ በኢክሊፕስስቶር ለምሳሌ የተለወጠውን ኦብጀክት ለይቶ «አስቀምጥ» ማለት የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ነው።

ሦስተኛው የክላስ ለውጥ ነው። ዜድኦዲቢ እያንዳንዱን ኦብጀክት ሲያስቀምጥ የክላሱን ስምና ክላሱ የሚገኝበትን የሞጁል ስም አብሮ ይጽፋል። አንድ ሥርዓት ወዳድ ባልደረባ ፋይሎቹን አስተካክሎ ክላሱን ወደ ሌላ ሞጁል ቢያዛውረው፣ ትናንት የተቀመጡት ኦብጀክቶች ዛሬ ክላሳቸውን አያገኙትም። አዲስ ባሕርይ መጨመር ቀላል ነው፤ ነባሪ ዋጋውን በክላሱ ደረጃ ማስቀመጥ ይበቃል። ስም መለወጥና ማዛወር ግን የሽግግር ስክሪፕት ይፈልጋል፤ ስክሪፕቱም በእውነተኛው መረጃ ቅጂ ላይ መሞከር አለበት። በሰንጠረዥ ዳታቤዝ የኮዱ ቅርጽና የመረጃው ቅርጽ የተለያዩ ስለሆኑ ኮዱን እንደልብ ማደስ ይቻላል፤ እዚህ ኮድዎን ሲያድሱ መረጃውን እየነኩ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ሁለት ሰዎች አንዱን ኦብጀክት በአንድ ጊዜ ሲለውጡ ምን ይሆናል? ዜድኦዲቢ ሁለተኛውን በግጭት ስሕተት ይመልሰዋል፤ ኮዱ እንደገና የሚሞክር መሆን አለበት፣ ብዙ ሰው የሚነካውን ነገር ሁሉ በአንድ ኦብጀክት ውስጥ ማጎርም አይገባም። ፋይሉ እንዴት ያድጋል? በዜድኦዲቢ የተለመደው ፋይል አሮጌውን ሳይደመስስ በመጨረሻው ላይ ብቻ ስለሚጽፍ፣ ገጽ በተከፈተ ቁጥር የሚጨምር አንድ ቆጣሪ እንኳ ፋይሉን ያሳብጠዋል፤ ፓክ የሚባለው የማጽዳት ሥራ በየጊዜው ይፈልጋል። ያንኑ ፋይል በቀጥታ የሚከፍተው አንድ ሂደት ብቻ ነው፤ ከአንድ በላይ ከሆኑ ዚኦ የተባለው ሰርቨር መሐል ይገባል። በመጨረሻም ኦብጀክቶቹ የሚጻፉት ፒክል በተባለው የፓይተን ማስቀመጫ ቅርጽ ስለሆነና ፒክል ሲነበብ ኮድ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ከማያውቁት ሰው የመጣ የዳታቤዝ ፋይል ፈጽሞ አይክፈቱ።

የአማርኛ ስምና የኛ ዘመን አቆጣጠር

ይህ ክፍል በውጭ ሰነዶች ውስጥ አይገኝም፤ የአገር ውስጥ ተጠቃሚ ያለው ፕሮጀክት ግን ገና በሁለተኛው ሳምንት ይደርስበታል። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ የሚጻፈው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ፍለጋው በፊደሉ ብቻ ከሆነ መዝጋቢው ሰውየውን ያጣዋል፣ አዲስ ሰው አድርጎም ይመዘግበዋል፤ የዘር ሐረጉም ከዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ኦብጀክት ዳታቤዝ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ የተዘጋጀ የፍለጋ ሞተር ስለሌለው ኢንዴክሱን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት። በኦብጀክቱ ውስጥ ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ያስቀምጡ፤ በኢንዴክሱ ቁልፍ ላይ ግን ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው አጥፈው ያስገቡ፣ ሀንና ሃን፣ አንና ዓን የመሳሰሉትንም አንድ ያድርጉ። የማጠፊያው ደንብ ከተለወጠ ኢንዴክሱ በሙሉ እንደገና መሠራት አለበትና ደንቡን መጀመሪያ ላይ አስበው ይጨርሱት።

ቅደም ተከተሉ ግን ብዙ አያስቸግርም፤ ዩኒኮድ ፊደላችንን ከነእርባታው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ ስለደረደረው ተራ የቁጥር ማነጻጸር የለመድነውን ዝርዝር ይሰጣል። የሬልም ሰነድ ግን ጽሑፍን በትክክል መደርደሩን የሚያረጋግጠው ለላቲን ፊደላት ብቻ ነበር፤ ስለዚህ በማንኛውም ምርት ላይ ሃያ ያህል ስሞችን አስገብቶ ዝርዝሩን በዓይን ማየት አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ጥሩ ልማድ ነው።

ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። የቋንቋውን ተራ የቀን ዓይነት ተጠቅሞ የኢትዮጵያን ቀንና ወር ለማስገባት የሞከረ ሰው በሁለተኛው ወር ጥቅምት 30 ላይ ይቆማል፣ ጳጉሜን ላይ ደግሞ ጨርሶ ይወድቃል፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚያውቅ የለምና። በኦብጀክት ዳታቤዝ የራስዎን የቀን ክላስ ሠርተው እንዳለ ማስቀመጥ ስለሚችሉ እዚህ ላይ እውነተኛ ጥቅም አለ፤ «በ1948 ዓ.ም. ገደማ» የሚለውን እንኳ ያለ ማድበስበስ መያዝ ይቻላል። ለመደርደርና ለኢንዴክስ ግን ከክላሱ ጎን አንድ የቀን ቁጥር በኢንቲጀር ያስቀምጡ፤ ሌላ ቋንቋም ሊያነበው የሚችለው እርሱን ነው።

የአንድ ሳምንት ሙከራ

ሁለት ዕጩዎች ይዘው አንድ ሳምንት ይስጧቸው። ፕሮጀክቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ይደርስበታል ብለው የሚገምቱትን ያህል ሰው ሠርተው ያስገቡ፤ በሺህ ኦብጀክት የሚበርር ነገር በሚሊዮን ሊሳብ ይችላል። ፍጥነቱን ሁለት ጊዜ ይለኩት፤ አንዴ ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ፣ አንዴ ደግሞ ሜሞሪው ከሞላ በኋላ። በ1993 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ኦኦ7 የተባለው መመዘኛም ሁለቱን ለይቶ ይለካ ነበር፤ የሻጭ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ከዚያ ኮምፒዩተሩ በመጻፍ ላይ እያለ መብራቱን ያጥፉበት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪ ስላለው በሂደት መግደያው ትእዛዝ ሂደቱን መግደል ይቻላል፤ ከቻሉ ግን ዴስክቶፕ ላይ ሶኬቱን መንቀል የበለጠ እውነቱን ያወጣል። መብራት የሚሄድበት ቢሮ ላይ የሚተከል ሥርዓት ከሆነ ይህን ሙከራ አሥር ጊዜ ደጋግሙት፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ዳታቤዙ ራሱን አስተካክሎ መነሣቱንና ኮሚት የተባለው ሁሉ መኖሩን በቁጥር ያረጋግጡ። ባክአፕም ፕሮግራሙ ሳይቆም መያዝ መቻሉን፣ የተያዘውም በሌላ ማሽን ላይ መነሣቱን ይዩ፤ ተነሥቶ ያልታየ ባክአፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

በሳምንቱ መካከል አንዱን ክላስ ስሙን ይለውጡ፣ ሌላውን ለሁለት ይክፈሉ። ሽግግሩ የፈጀውን ሰዓት ይጻፉ፤ ከፍጥነት ቁጥሮቹ ሁሉ ይልቅ ምርጫውን የሚወስነው ይህ ሰዓት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ፈቃዱንም በዚሁ ሳምንት ያንብቡ። በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ፈቃድ ለአገር ውስጥ ድርጅት ከዋጋው በላይ የውጭ ምንዛሬ ጉዳይ ነው፤ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ክፍያው በጊዜው ባይሄድ ሶፍትዌሩ ይቆማል ወይስ መሥራቱን ይቀጥላል የሚለውን ለሻጩ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ሙከራ መውጣት ነው። ከዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ እያንዳንዱን ሰው ከመለያ ቁጥሩና ከወላጆቹ መለያ ቁጥር ጋር፣ ወደ ተራ የጄሰን ፋይል የሚያወጣ ስክሪፕት ይጻፉ፤ ከዚያም ፋይሉን ባዶ ፖስትግሬስ ውስጥ አስገብተው የሰባት ቤቱን ቆጠራ በኤስኪውኤል ይሥሩና ከኦብጀክት ዳታቤዙ መልስ ጋር ያነጻጽሩ። የዜድኦዲቢ ተጠቃሚዎች አንዳንድ ጊዜ «እኛማ ሬልስቶሬጅን (ዜድኦዲቢ በሰንጠረዥ ዳታቤዝ ውስጥ እንዲያስቀምጥ የሚያደርገውን) ስለምንጠቀም መረጃችን ፖስትግሬስ ውስጥ ነው» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ሰንጠረዡን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ፓይተን ብቻ የሚያነበውን የፒክል ባይት ነውና ይህ እንደ መውጫ አይቆጠርም። ስክሪፕቱ ያለ ችግር ከሠራ ዕጩው አልፏል። ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱን አይጣሉት፤ ሌሊት ሌሊት ከባክአፑ ጋር አብሮ እንዲሄድ ያድርጉ፣ አዲስ ክላስ በተጨመረ ቁጥርም ስክሪፕቱ ሳይታደስ ኮዱ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ እንዳይገባ በቡድኑ መካከል ይስማሙ።